ቤታቸውን ይዘው ለመጡ እንግዶች

ኮምቦልቻ የነበረን ግቢ ለሰው ተብሎ የተሠራ አልነበረም። የተሠራው ለተሳቢ መኪና ነው። የባለቤቴ አባት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ሲነዱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለውን ሰፊ ቦታቸውን አጠሩት፤ መኪና ተሳቢውን ሳይፈታ የሚገባበት ትልቅ የብረት በር አስገጠሙለት፤ ጥግ ላይ ቧንቧ አስገቡ፣ ሽንት ቤት አስቆፈሩ። ከዚያ ወዲያ ግቢው የሾፌሮች ማደሪያ ሆነ። እኔ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ተድሬ ስመጣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሞላ ነበር። ከአሰብ ማዳበሪያና ብረት ጭነው በባቲ በኩል የሚወጡት መኪኖች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ሾፌሮቹ ታጥበው፣ ሰግደው፣ በልተው ጋቢናቸው ውስጥ ይተኛሉ፤ ሲነጋ የሐረጎን ዳገት ለመውጣት ሞተር ያሞቃሉ። ሙሽራ ሆኜ የምነቃው በናፍጣ ሽታ ነበር። ለምጄው ነበር፤ እንዲያውም ወድጄው ነበር ማለት ይቻላል።

ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲመጣ አሰብ ተዘጋ። መኪኖቹ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። የጅቡቲው መንገድ ደግሞ ከሚሌ ወደ አዋሽ ስለሚያቀና እኛን አያገኘንም። በጥቂት ወራት ውስጥ ግቢው ባዶውን ቀረ። ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ሣር መብቀል ጀመረ። ባለቤቴም እንደ አባቱ ሾፌር ነበርና በሰው መኪና ተቀጥሮ ወደ ጅቡቲ መመላለስ ያዘ፤ ቤት ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ሆነ። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና አማቴ ነበርን።

አማቴ የቢስቲማ ሰው ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው የሚበልጥ። የእሳቸው ዘመድ የሆነ አንድ የእህል ነጋዴ ግቢውን ለመጋዘን ፈልጎት ይመላለስ ነበር። አማቴ ልባቸው ወደ መስጠቱ አዘንብሎ ነበር፤ ባዶ ቦታ ማየት አይወዱም። እኔ አልፈለግኩም። የተሻለ ሐሳብ ስለነበረኝ አይደለም። መጋዘኑ አንዴ ከተሠራ ያ ትልቅ በር መቼም ተመልሶ የኛ እንደማይሆን ስለገባኝ ነው። ባለቤቴን፣ ክረምቱ ይለፍና እንነጋገራለን በል አልኩት፤ እሱም ለእናቱ እንደዚያ አላቸው።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሱር ሰግደን እንደጨረስን ትራፊክ ፖሊሱ በራችንን አንኳኳ። የሰፈራችን ሰው ስለሆነ እንተዋወቃለን። ግቢው አሁንም ባዶ እንደሆነ ጠየቀኝና ከኋላው ወደቆመው ነገር በእጁ ጠቆመኝ። ነጭ መኪና ነው፤ የጭነት መኪና ያህል ይረዝማል፤ ግን መስኮቱ መጋረጃ አለው፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ደረጃ ያለው የቤት በር። የሰፈሩ ልጆች ከበውታል። ውስጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ጢሙ የነጣ ሰውዬና ሚስቱ። ፖሊሱ እንደነገረኝ ደሴ ላይ ሆቴሎቹን ሁሉ ዞረዋል፤ የአንዱ በር ዝቅ ይልባቸዋል፣ የሌላው ግቢ ይጠባቸዋል። መንገድ ዳር ሲቆሙ ሕዝብ ከበባቸው። ጨለማ ሳይዛቸው ሐረጎን ወርደው ወደ ኮምቦልቻ መጡ፤ እዚህም ያው ሆነባቸው።

«ይህን መኪና የሚያስገባ በር ያንቺ ብቻ ነው» አለኝ።

ከማግባቴ በፊት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ስለነበር እንግሊዝኛዬ አላሳፈረኝም። ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። ሰውየው የዘረዘረው ጥቂት ነገር ነበር። መኪናው የማያዘነብልበት ሜዳ፣ ውሃ፣ በር የሚዘጋበት አጥር። በቃ። እኔ ደግሞ በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ ቤታችን ውስጥ የእንግዳ ክፍል አለ አልኩት። ሳቀና የጎኑን በር ከፍቶ ግቢና እዪ አለኝ። አልጋ አለ፣ የጋዝ ምድጃ አለ፣ ዕቃ ማጠቢያ አለ፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ አበባ አይቻለሁ። አማቴም ነጠላቸውን ሰብስበው ደረጃውን ወጡና አንገታቸውን አስገብተው እያንዳንዱን ጥግ መረመሩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሽንት ቤታቸውስ የት ነው ብለሽ ጠይቂልኝ አሉ። ሰውየው አንዲት ጠባብ በር ከፍቶ አሳያቸው።

«ከሚበሉበት ጋር?» አሉና ወረዱ።

ሰፈሩ ለዚህ ነገር ስም አጥቶ ተቸገረ። የቤት መኪና እንዳይሉት የቤት መኪና ማለት ሌላ ነው። በኋላ መኪና ቤት አሉት፤ እንደዚያው ቀረ።

አማቴ ዶሮ አሳረዱ። እንግዳ ነው፣ ያውም ከሩቅ የመጣ፤ ሌላ ምን ሊደረግ ይችላል? ወጡ ደርሶ ልጠራቸው ስሄድ ግን ከመኪናው ውስጥ የሽንኩርት ሽታ ወጣ። እነሱም እራታቸውን እየሠሩ ነበር። ሚስትየው ፊቷ ቀላ፤ ከባሏ ጋር ተያዩና ምድጃውን አጥፍተው መጡ። ከትሪያችን በአክብሮት ቀማመሱ፣ አመሰገኑ፣ ተመልሰው በራቸውን ዘጉ፤ መጋረጃቸውንም ሳቡ። አማቴ ትሪው ፊት እንደተቀመጡ ቀሩ።

«ወላሂ፣ ግቢዬ ገብቶ የራሱን ቀቅሎ በልቶ የሚያድር እንግዳ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። «ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?»

ጠዋት ሰውየው ከመኪናው ጎን የፕላስቲክ ሳጥን መዝዞ አወጣና ቆሻሻውን የት ልድፋ ብሎ ጠየቀኝ። የሾፌሮቹን የድሮ ሽንት ቤት አሳየሁት። የመኪናውን የውሃ በርሜል ከቧንቧችን ሞላ። ከዚያ ልክፈል አለ፤ አይሆንም አልኩት። ያኔ የነገረኝ ነገር ሐሳቤን ቀየረው። ከሱዳን ድንበር ጀምሮ እንዲህ ያለ ቦታ ሲፈልጉ ነው የመጡት። ከኋላቸው የሚመጡ፣ መንገድ ላይ የተዋወቋቸው ሌሎች አሉ። ካልከፈልኩሽ የቤተሰብሽ እንግዳ ነበርኩ ማለት ነው፣ ሌላ ሰው ወደ ቤትሽ ልልክብሽ አልችልም፤ ከከፈልኩ ግን ለማንም ልናገር እችላለሁ አለኝ። ልናገር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ገንዘቡን ተቀበልኩና፣ አዎ፣ ተናገር አልኩት። አማቴንም ባለቤቴንም አልጠየቅኩም። እዚያው ቆሜ ግቢውን ስመለከት የጎደለው ጥቂት ነገር ብቻ መሆኑ ታይቶኝ ነበር።

ባለቤቴ ከጅቡቲ ሲመለስ ነገሩን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ወጥቶ የመኪናውን ጎማ ዱካ ተመለከተና፣ አፉን ወዴት አድርጎ ነበር የቆመው ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ግንቡ አልኩት።

«አልተመቸውም» አለ። «ሾፌር ጠዋት ቀኑን ወደ ኋላ በመሄድ መጀመር አይወድም። ገብቶ የሚዞርበት ቦታ እናብጅለት።»

ለካ ነገሩ ከኔ በፊት የገባው እሱን ነው። ዕድሜውን ግማሽ ጋቢና ውስጥ የተኛ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የዋለ ሰው ማታ የሚፈልገው ምን እንደሆነ፣ ከመኪናው ርቆ መተኛት ለምን እንደማይሆንለት፣ እግሩን ዘርግቶ የማንንም ጥያቄ ሳይመልስ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚናፍቀው በቃሉ ያውቀዋል። በዚያ የዕረፍቱ ሰሞን አብረን ሠራን። ከቦርከና ወንዝ ዳር ጠጠር አስመጥተን መሬቱን ደለደልን፤ ዝናብ እንዳይተኛበት ቦይ አወጣን። የግቢያችንን ግራር የታች ቅርንጫፎች ጣራ እንዳይቧጥጡ ቆረጥን፣ የላዩን ለጥላ ተውን። ከቧንቧው ረጅም ጎማ ቀጠልን። አዲስ ሽንት ቤት አስቆፍረን ከጎኑ በቆርቆሮ የተከለለ መታጠቢያ ሠራን። ከመንገድ እንዳያሳይ የበሩን ፍርግርግ በላሜራ ሸፈንነው። ሌላ ምንም አልጨመርንም።

ለእህል ነጋዴው ግቢው እንደማይሰጥ ተነገረው። አማቴ አኮረፉ። ለባዶ ሜዳ ብላችሁ የተከበረ ሰው ትመልሳላችሁ ወይ አሉ። ባለቤቴ አጠገባቸው ተቀመጠና፣ እማ፣ አባባስ የሠራው ባዶ ሜዳ አልነበረም እንዴ አላቸው። ነገሩን ተዉት። የባላቸው ነገር ሲነሳ አይከራከሩም።

የመጀመሪያው እንግዳችን ቃሉን ጠበቀ። በጋው ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ አንድ መኪና መጣ፤ ከዚያ ሌላ። ከሰሜን በወልድያ የሚወርዱ ነበሩ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውን መኪና ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች፣ የእሳት አደጋ መኪና ገዝተው ቤት ያደረጉት ሁለት ወንድማማቾች። መልካቸው ቢለያይም የሚጠይቁት አንድ ነበር። እኔም ሥራዬን ተማርኩት። ሲገቡ አንዴ እቀበላቸዋለሁ፤ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቆሻሻ የሚደፋበትን አሳያለሁ፤ ዳቦና አትክልት የት እንደሚገኝ እነግራለሁ፤ ከዚያ እሄዳለሁ። ልጆች ከበር እንዳያልፉ፣ ጎረቤት ለማየት እንዳይገባ፣ ካልጠሩን ማንም እንዳይጠጋቸው ደንብ አወጣሁ።

ይህ ደንብ ለኔም ቀላል አልነበረም። ያደግኩት እንግዳ ምን ትፈልጋለህ ተብሎ በማይጠየቅበት ቤት ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አያቱ ከየመን ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰው ናቸው። እኚያ አያት ደሴ ሲገቡ የማያውቁት ሰው በር ከፍቶ እንዳበላቸው እየተነገረን ነው ያደግነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን ጠግቤያለሁ የሚል እንግዳ አይታመንም ነበር። እጁ ተይዞ ይቀመጣል፣ በግድ ይጎርሳል፣ ካልበላ ይማልበታል። አሁን ደግሞ እንግዳ ግቢዬ አስገብቼ ፊቴን አዙሬ እሄዳለሁ። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ቤት ገብቼ እጄን የማደርግበት ይጠፋኝ ነበር። እያደር ግን ሲያመሰግኑኝ የሚያመሰግኑት ስለዚህ መሆኑን አየሁ። እዚህ ማንም አላፈጠጠብንም ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ሲታይ ለዋለ ሰው አለመታየትም መስተንግዶ ነው።

አማቴ ይህን አልተቀበሉም። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ በዳቦ ተስማማን። ለገባ መኪና ሁሉ አንድ ዳቦ ይልካሉ፤ ከዚያ በላይ የለም። ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው፣ ሳይቆሙ ይመለሳሉ። ወሬው ቀድሞ ተሰማና አንዳንዶቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ዳቦ የሚያመጡት እናት የት አሉ ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። አማቴ ይህን ስተረጉምላቸው ደስታቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

አንድ ሁለት ዓመት እንደሠራን ከከተማው ሆቴል ባለቤቶች አንዱ ለቀበሌ አቤት አለ። ሳይፈቀድላት እንግዳ ታሳድራለች ነው ክሱ። ተጠርቼ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ገና ወጣት ሹም ነበር፤ አክብሮ አስቀመጠኝና፣ ፈቃዴ የመኪና ማቆሚያ እንጂ የአልጋ እንዳልሆነ ነገረኝ። አልጋ የለኝም አልኩት። ሰው ካደረ አልጋ ነው አለኝ።

«ሾፌሮች እዚያው ግቢ ጋቢናቸው ውስጥ ሲተኙ ኖረዋል» አልኩት። «ማን አልጋ ነው ብሎ ጠየቀን? እኔ የማሳድረው መኪና ነው። መኪናው ውስጥ የሚተኛው ሰው አልጋውን ይዞ ነው የመጣው።»

ፈገግ አለ። የሱ ጭንቀት ሌላ እንደነበር ከዚያ በኋላ ነው ያወጣው፤ የውጭ ሰዎች ናቸው፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ያውቃል አለ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው አልኩት። ማን እንደገባና ማን እንደወጣ በየቀኑ ለፖሊስ ለማሳወቅ ተስማማሁ። በማግስቱ ራሱ መጥቶ ግቢውን ተዘዋውሮ አየና በነበረው ፈቃድ እንድቀጥል ተፈቀደልኝ። ወደ ከሰሰኝ የሆቴል ባለቤትም ራሴ ሄድኩ። የኔ እንግዶች ሙቅ ውሃና የተዘጋጀ ምግብ ሲያምራቸው ወደሱ እልካለሁ፣ እሱ በሩ የማይበቃቸውን ወደኔ ይላክ አልኩት። መጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር። በጥቅምት ግን ሁለት መኪና ላከልኝ።

ስለዚያ ግቢ ሳስብ ከሁሉ በላይ የማስታውሳት ግን ብቻዋን የመጣችውን ሴትዮ ነው። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች፤ መኪናዋም ትንሽዬ አረንጓዴ። ከአፋር ቆላ በባቲ በኩል ወጥታ ቀን ላይ ደረሰች። ፊቷ ገርጥቷል። ደክሞኛል፣ መተኛት እፈልጋለሁ፣ እባክሽ ማንም እንዳይረብሸኝ አለች። እሺ አልኳት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ መጋረጃዋ አልተከፈተም። ይህ ብርቅ አይደለም፤ ብዙዎቹ ይተኛሉ። አማቴ ግን ከደረጃዋ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ማምሻውን ያስቀመጡት ዳቦ እንዳለ ነበር።

«ይህች ሰው ታማለች» አሉኝ።

አትረብሹኝ ብላለች አልኳቸው።

«ጤነኛ ሰው ዳቦ ደጁ ላይ አያሳድርም። ደንብሽን አውቃለሁ። ግን ደንቡ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኳቸው። የኔ ከሆነ ማፍረስም የኔ ነው። ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። መልስ የለም። ደግሜ ጠራኋት፤ ከውስጥ የሚያቃስት ድምፅ መጣ፣ ቆይቶም መቀርቀሪያው ተሳበ። ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይነድዳል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። የጎረቤት ባጃጅ ጠርተን እኔና አማቴ ግራና ቀኝ ደግፈን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ወባ ነበር። ግሉኮስ ተሰክቶላት እስክትረጋጋ ድረስ አማቴ እጇን ይዘው ከአጠገቧ አልተነሡም። አብሽሪ ይሏታል፤ አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ። ምን እንደሚሉ አይገባትም፤ ግን ዓይኗን ከሳቸው ላይ አታነሳም ነበር።

መድኃኒቷን ይዘን ስንመለስ ጠብ ሊነሳ ሆነ። አማቴ የእንግዳውን ክፍል አንጥፈው ጠብቀዋታል። ሴትዮዋ ደግሞ የራሷ አልጋ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ እንደማይወስዳት በልምምጥ ትነግረኛለች። ሁለቱም ወደኔ ያያሉ። ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። አሰቡና ወደ ቤት ገብተው ነጠላቸውንና የአብሽ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጡ።

«እሷ ቤቴ ካልገባች እኔ ቤቷ እገባለሁ» አሉ።

እንዳሉትም አደረጉ። እስክታገግም ድረስ ቀኑን እዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ ዋሉ። አብሽ ያጠጧታል፣ አጥሚት ያቀምሷታል፤ ስትተኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ተስቢሐቸውን እየቆጠሩ ዚክር ያደርጋሉ፣ አላህን ያወድሳሉ። አንድ ቃል አይግባቡም። እኔ ለማስተርጎም ስሄድ ብዙውን ጊዜ የሚተረጎም ነገር አላገኝም ነበር። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ስጠይቃቸው ስለ በሽተኛዋ ሳይሆን ስለ መኪናው ነገሩኝ። ሁሉ ነገር ተቀምጠሽ በእጅሽ ትደርሽበታለሽ አሉኝ፤ እንዲህ ያለ ቤት የሠራ ሰው አላህ ይጨምርለት።

ሴትዮዋ ዳነች። ለአማቴ ምን ላድርግላቸው ብላ ስትጠይቀኝ ምንም አይፈልጉም ልላት ነበር፤ ደግ ነገር ሆኖ መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቅኳቸው። ሳያመነቱ ቢስቲማ ታድርሰኝ አሉ። እህታቸው እዚያ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለታመመ በአውቶቡስ መሳፈር ከተዉ ቆይተዋል። በማግስቱ ሦስታችን ተሳፈርን። ሐረጎን ወጥተን፣ ደሴን አልፈን፣ በሐይቅ በኩል አድርገን የጠጠሩን መንገድ ያዝን። አማቴ ከሾፌሯ ጎን ተቀምጠው በእጃቸው መንገድ ይመራሉ፤ በየመንደሩ የሚያውቁትን ሰው ሲያዩ መስኮቱን አስወርደው ሰላም ዐለይኩም ይላሉ። ባለቤቴ ሾፌር፣ አባቱ ሾፌር፣ እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ፊት ወንበር ላይ እንደዚያ ተደላድለው ተቀምጠው የሄዱበት ቀን እንዳልነበረ ያኔ ነው የነገሩኝ። ጭነት ስለሚበዛ ሁሌም ቤት ነበር የምቀረው አሉ።

ስንደርስ እህትየው አቅፈዋቸው አለቀሱ። ከዚያ አማቴ እጃቸውን ይዘው ወደ መኪናው አስገቧቸው፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ምድጃውን ራሳቸው ለኩሰው ሻይ አፈሉላቸው። የት ምን እንዳለ ያውቃሉ፤ ስኳሩን ከየትኛው መሳቢያ እንደሚያወጡ፣ ውሃውን እንዴት እንደሚከፍቱ። ሴትዮዋ ከውጭ ግንድ ላይ ተቀምጣ እየሳቀች ታያቸው ነበር። ማታውን እኔና ሴትዮዋ መኪናው ውስጥ አደርን፤ አማቴም እዚያው ማደር እንዳማራቸው ከፊታቸው አንብቤያለሁ፣ እህታቸው ግን አልለቀቋቸውም። ኮምቦልቻ ተመልሰን ስንሰነባበት ሴትዮዋ ጉልበት ስማ አማቴን አብሽሪ አለቻቸው። በአማርኛ የምታውቀው ቃል እሱ ብቻ ነበር። አማቴ ያን ዕለት ሙሉ ሲስቁ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። ረፋድ ላይ አማቴ በየመኪናው ያንኳኳሉ፤ ከውስጥ ድምፅ ከሰሙ ምንም ሳይሉ ያልፋሉ። እንግዶቹ ይህን ወደዱት። ባለቤቴም የጅቡቲውን ሥራ ተወና ግቢው ውስጥ ለመኪኖቹ ቀላል ጥገና መሥራት ጀመረ፤ ጎማ ይጠግናል፣ ፍሬን ያስተካክላል። ሀብታም አላደረገንም፤ ቤታችንን ግን ሞላው፣ ኋላ የወለድናቸውን ልጆችም አስተማረ።

ነገሩ እየታወቀ ሲመጣ ከኩታበር አንድ ቄስ ሊጠይቁኝ መጡ። መንገድ ዳር የእርሻ ቦታ አላቸው፤ ከዳሩ ቆላው እስከ ታች ይታያል። ወደ ተንታ የሚያልፉ መኪና ቤቶች እዚያ መቆም ይፈልጋሉ፣ ግን ሕዝቡ ሲከባቸው ጥለው ይሄዳሉ። አባ ክፍሎች ለመሥራት አስበው አጣና መግዛት ጀምረው ነበር። ባለቤቴና እኔ አብረናቸው ሄደን ቦታውን ዞርነው።

«አባ፣ ምንም ቤት አይሥሩ» አልኳቸው።

ቅር አላቸው። «ታዲያ ምን ልሥራ?» አሉኝ።

ይደልድሉት፣ ያጥሩት፣ ውሃ ይሳቡ፣ ጥሩ ሽንት ቤት ይቆፍሩ አልኳቸው። እንግዳ ሲመጣ እንኳን ደህና መጣህ ይበሉና ቤትዎ ይግቡ። ባለቤቴ በሩ የት መሆን እንዳለበት በድንጋይ ምልክት አደረገላቸው፤ በዳገቱ በኩል ሳይሆን መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ በሚመጣበት በሜዳው በኩል። አባ የገዙትን አጣና ለአጥሩ አዋሉት። ከዚያ ገና ሳይጨርሱ የመጀመሪያው መኪና ገባባቸው።

ለገበያ ወደ ደሴ በወጡበት ቀን ኮምቦልቻ ድረስ ወርደው ሊነግሩኝ መጡ። እንግዶቹ አንድ ቀን ብለው ገብተው ቆላውን እያዩ ሰነበቱ። አባ ሰላም ብለዋቸው ወደ ቤታቸው ለመሄድ ምን ያህል እንደከበዳቸው ነገሩኝ፤ ልጠጋቸው እያማረኝ ራቅ ብዬ ዳዊቴን ደገምኩ አሉ። ሽንት ቤቱስ አልኳቸው።

«ተጠቀሙበት» አሉኝ፤ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣ እንግዳ፣ ነገ የት እናድራለን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መንገዱ በዚያ ከሆነ ኩታበርን እነግረው ጀመር።